ትርፍ የብስክሌት ጎማ የት ይቀመጥ? በረንዳ፣ ስቶር ወይስ አልጋ ስር

ብስክሌት የሚወድ ሰው ቤት አንድ ሁለት ትርፍ ጎማ አይጠፋም። ሱቅ ሲኬድ ጥራቱ ደህና የሆነው ቁጥሩ አይገጥምም፤ ቁጥሩ የገጠመው ደግሞ ጥራቱ ያስፈራል። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሲገኝ «እባክህ ሁለት ጎማ ያዝልኝ» ይባላል። ሻንጣው ቦታ ካለው አራት ይመጣል። አንዱ ጥንድ ወዲያው ይገጠማል። ሌላው ጥንድ ሁለት ሦስት ዓመት ተራውን ይጠብቃል። የት ይጠብቅ?

ብዙ ሰው የሚጨነቀው በምን እንደሚጠቀልለው ነው። ፌስታል ይሻላል ካርቶን? እኔ ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ። መጀመሪያ ቦታው፣ ቀጥሎ አቀማመጡ፣ መጠቅለያው በመጨረሻ። ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ያለ ጎማ በወርቅ ወረቀት ቢጠቀለልም ያው ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ነው።

ጎማን የሚበላው ማን ነው?

አራት ጠላቶች አሉት፤ ፀሐይ፣ ሙቀት፣ ኦዞንና ውጥረት። አማራጮቹን የምናወዳድረው በነዚህ ስለሆነ ትንሽ እንቆይባቸው።

ፀሐይ ላስቲኩን የሚጎዳው በአልትራቫዮሌት ጨረሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ይህ ጨረር ደግሞ ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ወደ 10 በመቶ ያህል እየበረታ ይሄዳል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐይዋ የዋህ ትመስለናለች። ጎማው ግን አይሸወድም። ከአዲስ አበባ ዝቅ ብለው ያሉት ባሕር ዳርና ሐዋሳም ቢሆኑ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ከምድር ወገብም ሩቅ አይደሉም።

ሙቀት የሚሠራው ቀስ ብሎ ነው። ኬሚስቶች አንድ የግምት ሕግ አላቸው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር እንዲህ ያለው ለውጥ ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ያው ጎማ አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥና ድሬዳዋ ሞቃት ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ እኩል አያረጅም ማለት ነው። ፋብሪካው ላስቲኩን ሲያበስል የተጠቀመበት ድኝም በሙቀት ቀስ በቀስ ሥራውን ይቀጥላል፤ ላስቲኩም እየደረቀ ይሄዳል።

ኦዞንን ብዙ ሰው አያስበውም። ይህ ጋዝ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ባለበት ሁሉ ይፈጠራል። ብየዳ ቤት ያለችው ያቺ የምትሰነፍጥ ሽታ ውስጥ አለ። ድሪልና ግራይንደር ሲሠሩ በቀዳዳቸው የሚታየው ሰማያዊ ብልጭታም ያወጣዋል። መጠኑ እጅግ ትንሽ ቢሆንም ላስቲክን ይሰነጥቃል። ግን አንድ ሁኔታ አለው፤ ላስቲኩ መወጠር አለበት። ላላ ብሎ የተኛ ጎማ ላይ ኦዞን ብዙ አቅም የለውም። የታጠፈ፣ የተጣመመ ወይም በአየር የተነፋ ጎማ ሲያገኝ ነው የሚሠለጥንበት። ስንጥቁም ሁልጊዜ ውጥረቱን አቋርጦ ይወጣል። ታጥፎ የከረመ ጎማ ልክ እጥፋቱ ላይ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። አራተኛውን ጠላት ለብቻው የማላወራው ከሦስተኛው ጋር ተባብሮ ስለሚሠራ ነው።

ፋብሪካው ይህን ያውቃል። ላስቲኩ ውስጥ ሰምና ፀረ ኦዞን ኬሚካል ይቀላቅልበታል። እነዚህ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይወጡና እንደ ስስ ሽፋን ይሆናሉ። ለወራት የተቀመጠ ጥቁር ጎማ ላይ ቡናማ ወይም ነጣ ያለ ነገር ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ይኼው ነው። ቆሻሻ መስሏችሁ በሳሙና ፈትጋችሁ አታንሱት። ጠባቂው እሱ ነው።

በረንዳ፣ ስቶር፣ ደረጃ ስር፣ መኝታ ቤት

የኮንዶሚኒየም በረንዳ የመጨረሻው ምርጫ ነው። ቦታ ጠቦ እንጂ ማንም ወዶ አያስቀምጥበትም፤ ይገባኛል። ግን ፀሐይ አለ፣ ዝናብ አለ፣ ቀን ይሞቃል ሌሊት ይቀዘቅዛል። የግድ ከሆነ ቢያንስ ብርሃን በማያሳልፍ ነገር ሸፍኑት፤ ከበረንዳው ብረትም አርቃችሁ ፀሐይ ወደማያገኘው ጥግ አስጠጉት። ከአንድ ወቅት በላይ ግን አታቆዩት።

ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ስቶር ሰው የሚሸወድበት ቦታ ነው። ጨለማ ስለሆነ ጥሩ ይመስላል። ኮርኒስ ከሌለው ግን በጋ ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገብታችሁ እጃችሁን ወደ ጣሪያው አቅርቡ፤ ፊት ላይ የሚመታ ሙቀት ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ጎማ የሚሰቀለው ሁልጊዜ እዚያው ከጣሪያው ስር መሆኑ ነው፤ ወለሉ በሌላ ዕቃ ተይዟላ። ያው ስቶር ውስጥ ወደ ወለሉ ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ ብዙ ለውጥ አለው። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ እንዲያውም የተሻለ ነው፤ የጭቃ ግድግዳ ሙቀት ቶሎ አያስገባም። ችግሩ ክረምት ላይ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ወለሉ ይረጥባል። እርጥበት ላስቲኩን ብዙ አይጎዳውም። ግን ጠርዙ ውስጥ ያለውን ሽቦ ያዝገዋል፤ ክሩ ጥጥ ከሆነም ያበሰብሰዋል። ስለዚህ ጣውላ ወይም ጠረጴዛ ላይ ይሁን። አይጥም አትርሱ። አይጥ ጎማ አትበላም የሚል ካለ ስቶሩን በደንብ አላየውም።

ያው ስቶር ውስጥ ጄኔሬተር፣ የብየዳ ማሽን ወይም ግራይንደር ካለ ነገሩ ይቀየራል። ኦዞን አለ፣ የቤንዚን ትነት አለ፣ ሙቀት አለ። እዚያ ከማስቀመጥ በረንዳው ይሻላል እስከማለት እደርሳለሁ። ሰው ስለ ፍሪጅ ጀርባም ይጠይቃል። የፍሪጅ ሞተር ይህን ያህል ብልጭታ የለውም፤ ከጀርባው የሚወጣው ሙቀት ግን በቂ ምክንያት ነው።

ደረጃ ስር ያለው ክፍተት መሬት ላይ ላለ ቤት ጥሩ ነው። ጨለማ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። ቆጣሪ ወይም የውሃ ፓምፕ አጠገቡ ከሌለ እኔ ከስቶር አስቀድመዋለሁ።

አሸናፊው መኝታ ቤት ነው። ሚስት ወይም ባል ከፈቀደ ማለት ነው። ሰው የሚተኛበት ክፍል ሙቀቱ አይዋዥቅም፣ ብየዳ የለም፣ አልጋ ስር ደግሞ ፀሐይ አይደርስም። ቦታ አይበቃም ለሚል አንድ ነገር ልንገረው። ቁጥሩ 622 የሆነ ጎማ (ቁጥሩ የጠርዙ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው) ጠፍጣፋ ሲተኛ ስፋቱ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁመቱ ግን አንድ ስንዝር አይሞላም። አራት ጎማ ተደራርቦ እንኳ አልጋ ስር ይገባል። ቁም ሳጥን ውስጥም እንደዚያው ነው። ቁም ሳጥን አናት ላይ ግን አይሁን። ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ በተለይ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ።

ውጭ ላላችሁት አጭር ማስታወሻ። ዱባይ ወይም ሪያድ ከሆናችሁ ጎማውን በረንዳ ላይ ወይም የመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ማሳደር አይታሰብም፤ ኤሲ ያለበት ክፍል ውስጥ ቦታ ፈልጉለት። ስቶክሆልም ወይም ሚኒያፖሊስ ከሆናችሁ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ብርድ ለተቀመጠ ጎማ ጠላት አይደለም። ምድር ቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነ እሰየው፤ ከማሞቂያው ቦይለር ብቻ አርቁት። በብርድ የደረቀ ጎማን ግን ቸርኬ ላይ ከመግጠማችሁ በፊት ቤት ውስጥ አሙቁት።

መሰቀል ወይስ መተኛት?

ሁለቱም ይሆናል፤ ሚስማር ላይ መስቀል ግን አይሆንም። ቀጭን ሚስማር የጎማውን ክብደት በሙሉ በአንድ ነጥብ ይሸከማል። እዚያች ነጥብ ላይ ላስቲኩ ይታጠፋል፤ ኦዞን የሚፈልገው ደግሞ እሱን ነው። መስቀል ካለባችሁ ወፍራም ዱላ ወይም የፕላስቲክ ቱቦ ላይ ስቀሉት፤ በየሁለት ወሩም አዙሩት። ጠፍጣፋ ማስተኛት ይቀላል። ሲደራረብ ከላይ ከባድ ነገር አይጫን።

ከሻንጣ ስለሚወጣ ጎማ አንድ ነገር መባል አለበት። ሽቦ ጠርዝ ያለው ጎማ ሻንጣ እንዲገባ ሦስት ቦታ ተጠምዝዞ ይታሰራል። ለጉዞ ምንም አይደል። ዘመድ ሻንጣውን በከፈተ ቀን ግን ይፈታ። እንደታሰረ ዓመት ከቆየ ሽቦው ይጣመማል፤ ሽቦው ከተጣመመ ደግሞ ቸርኬው ላይ እኩል አይቀመጥም። ጎማው ሲሽከረከር አንድ ቦታ ላይ ይዘላል። የትኛውም ጎሚስታ አያስተካክለውም።

ተጣጥፎ በትንሽ ካርቶን የሚሸጠው ሽቦ አልባ ጎማ ይለያል። ጠርዙ ኬቭላር የሚባል ጠንካራ ክር ስለሆነ አይጣመምም። በጥቂት ወራት ውስጥ የምትገጥሙት ከሆነ እንዳለ ተዉት። ከዓመት በላይ የሚቆይ ከሆነ ግን የታሰረበትን ፈትታችሁ ላላ ባለ ክብ አስተኙት። አምራቹ ያጠፈው ለእኛ ጎማ እንክብካቤ ብሎ አይደለም። መደርደሪያና የማጓጓዣ ቦታ ለመቆጠብ ነው።

ትርፍ ቸርኬ ያለው ሰው ጎማውን እዚያው ላይ ገጥሞ ያስቀምጣል። ቅርጹን ስለሚጠብቅ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን አየሩ ሙሉ አይሁን። ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ንፉት። የቆመ ብስክሌት ካላችሁ ደግሞ አየሩ ወጥቶ ጎማው በክብደቱ እንዳይጨፈለቅ ተጠንቀቁ፤ ጎኑ ላይ ቸርኬው የሚነካው ቦታ ነው ቀድሞ የሚሰነጠቀው። ብስክሌቱን ማንጠልጠል፣ ወይም በወር አንድ ጊዜ በፖምፓ መንፋት ይበቃል።

በምን ይጠቀለል?

እዚህ ላይ ጠበብ ማለት አያስፈልግም። ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ርካሽ ነው፤ ብርሃን ይከላከላል፣ ንጹሕ አየር እየገባ አዲስ ኦዞን እንዳያመጣም ያግዳል። የኔ ምርጫ እሱ ነው። ጎማው በደንብ ደርቆ ይግባ፤ እርጥበት ይዞ ከታሰረ ፌስታሉ እርጥበቱን ይዞ ይቀመጣል። የሚያሳይ ፌስታል ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው፤ ጨለማ ቦታ ከሆነ ግን ችግር የለውም። ካርቶን ብርሃን ይከላከላል፤ ክረምት ላይ ግን እርጥበት ይጠጣል፣ አይጥም ትወደዋለች።

ማዳበሪያው ነው የሚያጠራጥረኝ። ነጭ ማዳበሪያ በሽመና የተሠራ ስለሆነ ብርሃንም አየርም ያሳልፋል። ወደ ፀሐይ አንስታችሁ ብታዩት ውስጡ እንደ መጋረጃ ያበራል። እውነተኛ ማዳበሪያ የነበረበት ከሆነ ደግሞ ስፌቱ ውስጥ ፍሬው ይቀራል። ሌላ ከሌለ አጥባችሁ አድርቃችሁ ተጠቀሙበት፤ ግን ጨለማ ቦታ አስቀምጡት። አየር የሚመጥጠውን የልብስ ማሸጊያ ከረጢት የሚጠቀሙም አሉ። እሱ ጎማውን ጨፍልቆ ያጥፈዋል፤ ትርፉ ኪሳራ ነው።

ከመጠቅለሉ በፊት ጎማውን ማብረቅረቅ የሚወድ ሰው አይታጣም። በናፍጣ፣ በተቃጠለ ዘይት፣ በቫዝሊን የተወለወለ ጎማ ለጊዜው ያምራል። ነዳጅና ዘይት ግን ላስቲኩን ያሳብጡታል፣ ያለሰልሱታል፤ ያንን ጠባቂ ሰምም ያጥቡታል። ያገለገለ ጎማ ከሆነ በውሃና በትንሽ ሳሙና ጭቃውን አንሱ፣ ጥላ ላይ አድርቁ፣ በቃ።

የጎማው ዓይነት

ጥቁር ጎማ ጥቁር የሆነው ጥላሸት ስላለበት ነው። ጥላሸቱ ያጠነክረዋል፣ ጨረሩንም ውጦ ይከላከልለታል። ጎኑ ቡኒ ወይም ክሬም የሆነው የሚያምረው ጎማ ያን ጥላሸት በጎኑ የለውም። ስለዚህ አንድ ጥሩ ቦታ ብቻ ካላችሁ ለእሱ ስጡት፤ ጥቁሩ ይታገሣል።

የውስጡ ጎማ፣ ከመነዳሪው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቡቲል የሚባል ሰው ሠራሽ ላስቲክ ነው። ቡቲል ኦዞንን ከተፈጥሮ ጎማ ይልቅ በደንብ ይቋቋማል። አየሩን አስወጡ፣ የሕፃን ፓውደር ነስነስ አድርጉ፣ ላላ አድርጋችሁ እጠፉ፤ የቫልቩ ብረት ላስቲኩን እንዳይወጋ ወደ ውጭ ይሁን። ብዙ ሰው ኮርቻ ስር አስሮ ዓመት ሙሉ ይዞት ይዞራል። ፀሐይ፣ አቧራና መፋተግ ያገኘው ከመነዳሪ ሲፈለግ ቀዳዳ ሆኖ ይገኛል። ካልሲ ውስጥ አድርጋችሁ እሰሩት።

ከመነዳሪ የማይፈልገው ጎማ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ማሸጊያ ወራት ቆይቶ ይደርቃል። ከመቀመጡ በፊት ይታጠብ።

ስለ ቸርኬ ላይ የሚለጠፉት የውድድር ጎማዎችም አንድ ወሬ አለ። የድሮ የአውሮፓ ተወዳዳሪዎች አዲስ ጎማ ጨለማ ምድር ቤት ውስጥ ዓመታት ሰቅለው «ያስረጁ» ነበር፤ ሲያረጅ ጠንክሮ እሾህ አይበሳውም ብለው። የዛሬ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ በስሎ ያለቀ ነው። ጎማ እንደ ወይን ጠጅ አይደለም፤ ቢቆይ አይጣፍጥም።

ሱቅ ውስጥ ያረጀ እንዳትገዙ

ሱቅ በር ላይ የተሰቀሉትን ጎማዎች አይታችሁ ታውቃላችሁ። ለማስታወቂያ ነው የተሰቀሉት፤ አንዳንዱ ከወር ወር እዚያው ነው። ባለ ሱቁን «ከውስጥ አምጣልኝ» በሉት። ካመጣ በኋላ ጎማውን በሁለት እጃችሁ ወደ ኋላ አጥፋችሁ ጎኑን ክፈቱት። ጥርሱ አልቆ ጎኑ የሚጀምርበትን መስመር በብርሃን ተመልከቱ። ፀጉር የሚያክሉ ጎን ለጎን የተደረደሩ ስንጥቆች ካሉ ዕድሜው ሄዷል። በአውራ ጣት ጥፍራችሁም ጥርሱን ጫን አድርጉ። ጤነኛ ላስቲክ ምልክቱን ቶሎ ይመልሳል፤ የደረቀው እንደ ፕላስቲክ ጥፍር አያስገባም። ቁጥሩንም ጎኑ ላይ አንብቡ። «28» የሚለው ብቻውን አይበቃም፤ 622 እና 635 ሁለቱም 28 ይባላሉ፣ አንዱ ለሌላው ግን አይገጥምም። ለዓመታት የጠበቃችሁት ጎማ በመጨረሻ ቸርኬው ላይ ሳይገባ ሲቀር ያናድዳል።

ስንት ዓመት?

አይኤስኦ 2230 የሚባለው ስለ ላስቲክ ዕቃ ማከማቻ የወጣ ዓለም አቀፍ ደረጃ የተፈጥሮ ጎማንና መሰሎቹን 5 ዓመት፣ ቡቲልን 7 ዓመት ይሰጣቸዋል፤ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በታች፣ ቦታውም ጨለማ ከሆነ። ከዚያ በኋላ ተመርምሮ ሊራዘም ይችላል። ደረጃው ለብስክሌት ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ ግን ለግምት ይበቃል። አዲስ አበባ አልጋ ስር ላለ ጎማ 5 ዓመት ምክንያታዊ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ለሚኖር ሰው እኔ ሦስት እላለሁ።

ስለዚህ አንድ ጥንድ ትርፍ በቂ ነው። ዋጋ ይጨምራል ብሎ ስምንት ጎማ መደርደር ያስቃል፤ የመጨረሻዎቹ ተራቸው ሳይደርስ ያረጃሉ። ፌስታሉ ላይ የማጣበቂያ ፕላስተር ለጥፉና ቁጥሩንና የገባበትን ወር ጻፉ። የቆየው ቀድሞ ይውጣ።

ተራው ደርሶ ስታወጡት ያንኑ የሱቅ ምርመራ ድገሙት። ላዩ ላይ ብቻ የቀሩ ቀጫጭን ስንጥቆች ካሉና ክሩ ካልታየ ጎማው ገና ይሠራል፤ ግን የኋላው ቸርኬ ላይ ግጠሙት። የኋላ ጎማ ቢፈነዳ ተንገጫግጮ መቆም ይቻላል። የፊት ጎማ ሲፈነዳ ግን መሪው ከእጅ ይወጣል፤ ስለዚህ አዲሱና ጤነኛው ጎማ ሁልጊዜ ለፊት ነው። ክሩ ከታየ ወይም ጎኑ ላይ እብጠት ካለ ደግሞ የትኛውም ቸርኬ ላይ አይገጠም።